ምን አደረግሽበት?

ጋሽ ዘርጋ ማረፉን የሰማሁት ወፍጮ ቤት፣ ሚዛን ላይ ቆሜ የአንዲት ሴትዮ በርበሬ እየመዘንኩ ሳለ ነው። ጎረቤቱ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ዘርጋን አጣነው፤ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለ። ሴቶቹ ሁሉ «ወይኔ!» ብለው ደረታቸውን ሲመቱ እኔ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «እንዴት ተደርጎ! ገና መች ጨረስንና ነው የሚሞተው!» አልኩ። ሴትዮዋ በርበሬዋን እንዳቀፈች አፏን ከፍታ አየችኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀድሞኝ የመጣው ንዴት ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ቆይቼ ዛሬም ስሙ ሲነሳ መጀመሪያ ደሜ ይፈላል፤ እንባዬ ከኋላ ነው የሚመጣው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ዓመታት ሲቀራቸው፣ ቡታጅራ ገበያው አጠገብ የሐጂ ሸምሱ ወፍጮ ቤት ነበር። ጋሽ ዘርጋ ሞተሩን ይይዛል፣ እኔ እመዝናለሁ። አራት ዓመት አንድ ቆርቆሮ ሥር ሠራን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎንበስ ያለ ሰው ነው። እህል በሚፈጭበት ቀን ቅንድቡ ነጭ፣ በርበሬ በሚፈጭበት ቀን ቅንድቡ ቀይ ነው። በበርበሬ ቀን የመስቃን አገር ሰው በሞላ ደጃችን ላይ ሲያስነጥስ ይውላል፤ እሱን ግን አንድ ቀን ሲያስነጥስ አላየሁትም። አይጠጣ፣ አይሳደብ፣ ከሥራ አይቀር። ያ አመሉ ባይኖር ኖሮ እንከን አይወጣለትም ነበር።

አመሉ ጥቅስ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን በዱቄት ጆንያ ጨርቅ ጠቅልሎ ከሞተሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቅለዋል፤ ገና ሲገለጥ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ጣት የምታህል ወረቀት ይቀድና በእርሳስ አንድ ጥቅስ ጽፎ ላስፈጨው ሰው ከዱቄቱ ጋር ይሰጣል። ማንበብ ለማይችል ያነብለታል፣ አማርኛ ለማይገባው በጉራጌኛ ይመልስለታል። እዚህ ድረስ ማን ይጠላል? ልጇ የታመመባት፣ ባሏ አዲስ አበባ ሄዶ የቀረባት፣ ጎረቤቷ ያስቀየማት፣ ሁሏም የሚያበረታ ቃል ይዛ «ተባረክ ጋሼ» ብላ ትሄዳለች። ጣጣው የሚመጣው በሳምንቱ ነው።

በሳምንቱ ሴትዮዋ አዲስ ጥቅስ ፈልጋ እጇን ትዘረጋለች። እሱ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሳያነሳ፣ «ያለፈችውስ? ምን አደረግሽበት?» ይላታል።

«ኧረ በቃሌ ይዣታለሁ ጋሼ!»

«በቃልሽ መያዝሽን መች ጠየቅኩሽ? ምን አደረግሽበት ነው ያልኩት።»

ምንም አላደረገችበትም። እንግዲያው አዲስ የለም! ሠርታበት እስክትመጣ ድረስ እዚያችው ላይ ትቀራለች፣ ክፍል እንደወደቀ ተማሪ። መጽናኛ ፈልጎ የመጣን ሰው እንዲህ ማድረግ ምን የሚሉት ክርስትና ነው? ስነግረው ደግሞ፣ «ቃሉ የሚያበረታው ሲያደርጉት ነው እንጂ አጣጥፈው መቀነት ውስጥ ሲቋጥሩት አይደለም» ይለኛል። ይቺን ንግግሩን ስንት ጊዜ እንደሰማኋት! አሁንም ጆሮዬ ላይ አለች።

ሲብስበት ሞተሩን ያጠፋል። በገበያ ቀን፣ ሠላሳ ሴት ተሰልፋ! የሞተሩ ጩኸት የጠየቃትን ሴት መልስ አላሰማው ካለ ቀጥ ያደርገውና፣ «እህ፣ አሁን ንገሪኝ» ይላል። ያ ሞተር አንዴ ከጠፋ ደግሞ በልመና ነው የሚነሳው፤ ሁለት ሰው ላብ በላብ እስኪሆን ድረስ መዘውሩን ማሽከርከር አለበት። ሴቶቹ «ኧረ ጋሼ፣ ልጆች ጥለን ነው የመጣነው!» እያሉ ይጮሃሉ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ሐጂ ሸምሱ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ከሱቃቸው ብቅ ይሉና «አንተ ዘርጋ! አላህን ፍራ እንጂ!» ይላሉ። እሱ ሴትዮዋን ሰምቶ ሳይጨርስ ንቅንቅ አይልም።

አንድ ቀን ጭራሽ ለሐጂ ሸምሱ፣ «ለእርስዎም ልስጥዎት?» አላቸው። ሐጂ ፈገግ ብለው፣ «እኔ የራሴ አለኝ» አሉት።

«እንግዲያውስ ከራስዎ አንዷን ይምረጡ። በሳምንቱ እጠይቅዎታለሁ።»

ይሄ ሰው ዛሬ ከሥራው ተባረረ አልኩ በልቤ። በሳምንቱ ሱቃቸው ድረስ ሄዶ ጠየቃቸው! ሐጂ በማግስቱ ሠራተኛ አምጥተው፣ ለስንት ዓመት ጭሱን ጎረቤት ቤት ውስጥ ሲለቅ የኖረውን የሞተሩን ጭስ ማውጫ ወደ ባዶው ቦታ አዞሩት። «ስለ ጎረቤት የታዘዝነው አለ» አሉና ወደ ሱቃቸው ገቡ። ጋሽ ዘርጋ ያን ቀን ሲያፏጭ ዋለ፤ እኔ በመናደዴ ብቻ ምሳዬን በቅጡ አልበላሁም።

ቀሳውስቱ «ጴንጤ ሆኗል» እያሉ ያሙታል፤ እሱ ግን ጾሙን ይጾማል፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይቆማል። ጴንጤዎቹ ደግሞ «ከእኛ ነህ» ብለው ወደ ጸሎታቸው ጠሩት። ሄደና «ባለፈው ሳምንት የተማራችሁትን ምን አደረጋችሁበት?» ብሎ አንድ በአንድ ሲጠይቃቸው ሁለተኛ አልጠሩትም። ወዲህም ወዲያም ሳይሆን ቀረ፣ እኔ ላይ ተደፋ።

እኔንማ ነፍሴን ነው ያወጣት። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ያዕቆብ አንድ፣ አሥራ ዘጠኝን ሰጠኝ፤ ለመስማት ፍጠኑ፣ ለመናገር ዘግዩ የምትለዋን። ምነው ዳዊት ሞልቶ! ምነው ኢሳይያስ ሞልቶ! ለሌላው እረኛና ለምለም መስክ እያደለ ለእኔ «ዝም በይ»! አምስት ወር ፈጀብኝ። አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ «ሚዛን አጎደልሽብኝ» ብላ ስትሰድበኝ ከንፈሬን ነክሼ እስከ መጨረሻው ሰማኋትና ጆንያዋን መልሼ መዘንኩላት። ስህተቱ የእኔ ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ዘርጋ ለካ ከሞተሩ ጀርባ ሆኖ ሲያየኝ ኖሯል፤ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆኖ መጥቶ አዲሷን ሰጠኝ። ማቴዎስ አምስት፣ ሃያ አራት። መባህን መሠዊያው ፊት ተውና መጀመሪያ ሄደህ ከወንድምህ ታረቅ የምትለዋ።

«እኔ ወንድም የለኝም» አልኩት ፈጠን ብዬ።

«እህትስ?» አለኝ።

ቡታጅራ ያን ጊዜ ትንሽ ከተማ ናት፤ ማን እንደነገረው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ወረቀቷን መቀነቴ ውስጥ ከተትኩና ወደ ሚዛኔ ተመለስኩ።

እህቴ አረጋሽ ከተራራው ማዶ ቸሃ፣ አባታችን ግቢ ውስጥ ነው የምትኖረው። እናታችን በሕይወት ሳለች ከእንሰቷ ያማረ ያማረውን ፍቃ፣ በቅጠሉ ጠቅልላ፣ አንድ ጉድጓድ ሙሉ ቆጮ ቀብራ ድንጋይ ጭናበት ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ዓመታት የቆየ ቆጮ ለትልቅ ጉዳይ ካልሆነ አይነካም። «ይሄ ዘነበች የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ይከፈታል» አለች በሁላችን ፊት። ዘነበች እኔ ነኝ። አግብቼ ቡታጅራ መጣሁ። አንድ ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ ስድስት ዓመት፤ አልወለድኩም፣ ጉድጓዱም አልተከፈተ። የባሌ ዘመዶች ተስፋ ሲቆርጡብኝ እናቴ ግን ድንጋዩን አላነሳችም። እኔም ያ ጉድጓድ ተዘግቶ መኖሩን እያሰብኩ ነበር የምጽናናው።

ከዚያ እናቴ ሞተች። ያን ጊዜ ከቡታጅራ ቸሃ ለመሄድ ወይ በአዲስ አበባ ዞሮ በወልቂጤ መግባት ነው፣ ወይ ተራራውን በእግር ሁለት ቀን ማቋረጥ ነው። መርዶው ዘግይቶ ደርሶኝ በእግሬ ስደርስ ቀብሩ አልፏል። ለቅሶተኛው ግቢውን ሞልቶ ቆጮ ይበላል። ሽታው ገና ከአጥሩ በር ነገረኝ። ወደ ጓሮ ዞሬ አየሁ፤ ድንጋዩ ተነስቷል፣ ጉድጓዱ ባዶ ነው።

«አረጋሽ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?» አልኳት።

«ምን ላብላቸው ታዲያ? እንሰቱን በሽታ ጨርሶታል፣ ቤት ውስጥ ምንም የለም። የእናቴን ለቅሶ በባዶ ቤት ልቀመጥ?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። «አንቺ እንደሆንሽ አትወልጂም» ያለችኝ መሰለኝ። ውሃ እንኳ ሳልቀምስ ነጠላዬን ዘቅዝቄ የመጣሁበትን ተራራ መልሼ ወጣሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እህት አለኝ ብዬ አላውቅም።

እንግዲህ ጋሽ ዘርጋ ያቺን ወረቀት የሰጠኝ በዚህ ላይ ነው። ሦስት ዓመት አንድ ጥቅስ ላይ አስቀመጠኝ! ሰኞ በመጣ ቁጥር ቅንድቡን አንስቶ «ዘነበች፣ ምን አደረግሽበት?» ይላል፤ እኔ «ምንም!» እለዋለሁ፤ እሱ «ይሁን፣ ጊዜ አለ» ብሎ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። መስቀል ሲደርስ ጉራጌ የተባለ ሁሉ አገሩ ይገባል፣ የተጣላም ሥጋው ከመቆረጡ በፊት ይታረቃል፤ እኔ ሦስቱንም መስቀል ቡታጅራ ቁጭ ብዬ አሳለፍኩ። ሲመረኝ የደንበኞቹን ወረቀት እየተዋስኩ ማንበብ ጀመርኩ። አንዷ የአርባ ቀን አራስ የተሰጣትን ውብ ጥቅስ ስገለብጥ ያዘኝና፣ «እሱ የእሷ ነው፤ አንቺ የራስሽ አለሽ» ብሎ ከእጄ ወሰደው። ንገሩኝ እስቲ፣ የእግዜር ቃል እንደ ጆንያ ባለቤት አለው?

አንድ የበርበሬ ወራት ላይ ባሌ አታት ሆስፒታል ወሰደኝ፤ ሐኪም አየኝ፣ በደንብ አድርጎ መረመረኝ። ከዚያ አስቀምጦ በርኅራኄ እውነቱን ነገረኝ። አልወልድም። አታት ከእህቴ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አትሆንም፤ ቀና ብዬ ሳላይ ተሳፍሬ ተመለስኩ። ወፍጮ ቤት ስገባ ፊቴን ሲያይ ጋሽ ዘርጋ ሳልጠይቀው ሞተሩን አጠፋ።

«አልወልድም አሉኝ፣ ጋሼ» አልኩት። «ለዛሬ ብቻ፣ በእናትህ፣ አንድ የምታጽናናኝ ስጠኝ።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ዓይኑ ሞላ። መጽሐፉን ከሚስማሩ አውርዶ ገለጠ፣ ገጹን አገላበጠ፣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ዘግቶ፣ በጨርቁ ጠቅልሎ፣ መልሶ ሰቀለው።

«አለሽ እኮ፣ ዘነበች» አለኝ። «አታት ድረስ ሄደሽ እሷ ጋ አልደረስሽም?»

የሁለት ኪሎውን ብረት አንስቼ ወረወርኩበት። ስቼው ቋቱን መታው፣ ዱቄቱ ቦነነ። «ልብ የለህም! ጥቅስህን ብላው!» ብዬ ጮህኩ። ብረቱን ከመሬት አንስቶ በእጅጌው ጠረገና ሚዛኔ ላይ በቀስታ አስቀመጠው።

በሳምንቱ ደግሞ ሰውዬው ጠፋ። ለሐጂ «ለሞተሩ ማዞሪያ ቀበቶ፣ ቺንግያ ልገዛ ወልቂጤ ደርሼ ልምጣ» ብሏቸው ሄደ፤ ሐጂ «ቺንግያ አዲስ አበባ ሞልቶ ወልቂጤ ምን አለ?» ቢሉት አልሰማም። ስምንት ቀን! በበርበሬ ወራት! ሞተሩን የማያውቅ ሰው ቆሞበት ሁለቴ ተበላሸ፣ ሴቱ ሁሉ በእኔ ላይ ጮኸ። በስምንተኛው ቀን እያነከሰ መጣ፤ እግሩ ተልጧል፣ እጁ ላይ ምንም የለም።

«ቺንግያውስ?» አሉ ሐጂ።

«አጣሁ።»

ሐጂ ያን ቀን እንደጮሁት ጮኸው አያውቁም። እኔም እሰይ አልኩ። እሱ ግን ጩኸቱ ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ወደ ሚዛኔ መጣና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ «ዘነበች፣ ምን አደረግሽበት?» አይለኝ መሰላችሁ! «አልሄድም! ዕድሜ ልኬን አልሄድም!» አልኩት። ፊቴን አተኩሮ አየኝ፤ የሆነ ነገር ሊለኝ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። «ይሁን፣ ጊዜ አለ» ብሎ ሄደ።

ጊዜ አልነበረም። ክረምቱ ሲገባ ደረቱን አመመውና አልጋ ላይ ዋለ። ልጠይቀው ስሄድ ከስቶ አጥንቱ ቀርቷል፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄትም በርበሬም የለም፤ ለካ የራሱ ሽበት ነበረው። ሰው ከቦታል፣ ሁሉም «እግዜር ይማርህ» ይላል። እሱ እኔን ሲያይ ጣቱን ቀሰር አደረገ። ምን ሊለኝ እንደሆነ ስለማውቅ ቀደምኩት፤ «ሰኞ እሄዳለሁ፣ ጋሼ» አልኩት። ዋሸሁት፤ የታመመ ሰው ደስ ይበለው ብዬ ነው። «ሰኞ» አለና ፈገግ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ዓርብ ጠዋት ሞተ፣ እናም እኔ ከነውሸቴ ቀረሁ።

እንዲህ ያለ ሰው አያጋጥማችሁ። በቁሙ ቢሆን «ተውኩት» እለዋለሁ፤ የሞተን ሰው ምን ብዬ እመልሰዋለሁ? ቅዳሜ ቀበርነው። ሰኞ ጭቃውን እየረገጥኩ ተራራውን ወጣሁ፣ መንገዱን ሙሉ እየረገምኩት፣ እያለቀስኩለትም።

ማክሰኞ ከሰዓት ቸሃ ደረስኩ። አረጋሽ ጓሮ ተቀምጣ እንሰት ትፍቃለች። ፀጉሯ ሸብቷል። ቀና ብላ አየችኝ፣ መፋቂያውን አላስቀመጠችም። መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ።

«አረጋሽ፣ አጥፍቻለሁ። ታረቂኝ» አልኳት።

መፋቂያውን ጣለችና መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ እጇ እንሰት እንሰት ይሸታል። ሁለታችንም እስኪበቃን አለቀስን። ዓይኗን ጠርጋ፣ «ያ ሰውዬ በመጨረሻ ነገረሽ አይደል?» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ረጅሙ ነዋ! የወፍጮ ቤቱ። በበርበሬው ወራት መጥቶ እግሩ ተልጦ ሁለት ቀን እዚህ አድሮ አልነበረ?»

እጄን ይዛ ከእንሰቱ መሃል አስገባችኝ። የእናታችን ጉድጓድ ተዘግቷል፤ ያው ድንጋይ ተጭኖበታል፣ ዙሪያውን ሣር በቅሎበታል።

«አንቺ ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ በሄድሽ በሳምንቱ ነው መልሼ የቀበርኩልሽ» አለችኝ። «ከእናታችን እንሰት ከበሽታው ሦስት ተርፈው ነበር፤ እነሱን ፍቄ። ለሰውዬው አሳየሁትና ‹በል ይሄን ንገራት› አልኩት። ‹እኔ አልነግራትም› አለኝ፤ ‹ስትመጣ ታየዋለች።›»

አቤት ያን ጊዜ የተናደድኩት! አውቆ! ያን ሁሉ ወር ጉድጓዱ ሙሉ መሆኑን አውቆ፣ ሚዛኔ አጠገብ ቆሞ «ምን አደረግሽበት» ይለኛል! አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ በማግስቱ እሮጥ አልነበር? በቁሙ ቢሆን ያን ቀን በሁለት ኪሎው አልስተውም ነበር። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ትንፋሼ መለስ ሲል ነው የገባኝ። አዎ፣ እሮጥ ነበር። የምሮጠው ግን ለጉድጓዱ ነበር እንጂ ለእሷ አልነበረም።

«አረጋሽ» አልኳት፣ «እኔ እኮ አልወልድም። ሐኪም ነግሮኛል።»

«ታዲያ የምትበዪበት አፍ አንቺ ራስሽ የለሽም?» አለችና፣ «ተነሺልኝ ከድንጋዩ ላይ» ብላ ጉድጓዱን ከፈተች።

በሳምንቱ ቆጮውን በቅጠል ጠቅልዬ ቡታጅራ ተመለስኩ። ግማሹን ለጋሽ ዘርጋ ለቅሶ ቤት ሰጠሁ። የገበያ ቀን ነበር፣ ወፍጮ ቤቱ ሴት በሴት ሆኗል፣ ሞተሩን አዲስ ሰው ይዞታል። ሚስማሩ ላይ ያ የተጠቀለለ መጽሐፍ እንደተሰቀለ ነው፤ ማንም ደፍሮ አላወረደውም። ሚዛኔን ጠርጌ ሥራ ጀመርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ መልስ አለኝ፣ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ይሄም አናደደኝ።

ሐጂ ሸምሱ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ከሱቃቸው ወጥተው መጡ። ሚዛኔ አጠገብ ቆመው፣ ቅንድባቸውን አንስተው፣ «እህ ዘነበች» አሉኝ፣ «ምን አደረግሽበት?»

«ሄድኩ፣ ሐጂ» አልኩ፤ ድምፄ ግን አልወጣ አለኝ፤ እንባዬ በርበሬው ላይ ይወርዳል።

ሐጂ እጃቸውን ወደ አዲሱ ሠራተኛ አነሱ። «ሞተሩን አጥፋው» አሉት፤ «ሴትዮዋ የምትለውን አልሰማሁም።» ሠላሳ ሴት ተሰልፋ ነበር፤ አንዷም አልጮኸች።